ፊቷን ሳላይ የሰረዝኩት ስም

"ወርቄ፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ምን ነበር ሥራሽ?" አለችኝ ጎረቤቴ፣ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን። ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተን ኖረናል። አስተማሪ እንዳልነበርኩ ታውቃለች፤ ጸሐፊ እንዳልነበርኩም ታውቃለች። "እንግዳ እቀበል ነበር" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚገቡ አዲስ ተማሪዎች ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ቀን አዳራሽ ተሰብስበው ስለ ግቢው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ይነገራቸዋል። ኦረንቴሽን እንለዋለን። ያቺን ቀን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በዓመት አንድ ቀን ናት፤ የቀረው ዓመት ለእሷ መዘጋጃና ከእሷ የተረፈውን ጣጣ መልቀሚያ ነው። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል፤ ከሥራው ጋር ተዋውቆ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ግን ድካሜን ልቆጥር አይደለም። በዚያ ሥራ ላይ አንድ ሰው በድያለሁ። እናኑ ትባላለች። ስለ ሥራዬ ባወራሁ ቁጥር እሷን ዘልዬ ማለፍ ለምዶብኝ ነበር፤ ዛሬ አልዘልም።

ሥራ የጀመርኩት መዝገብ ቤት ነው። የዚያን ጊዜ አለቃዬ ከሰው ይልቅ ለፋይል የሚያዝኑ ሴት ነበሩ። ፋይል ከመደርደሪያ ሲወድቅ "እኔን ድፍት ያድርገኝ!" ይላሉ፤ እኛ ከመሰላል ስንወድቅ "ቀስ ብላችሁ አትወርዱም?" ይሉናል። እሳቸው ዘንድ አቧራ ስቅም ሰባት ዓመት ቆየሁ። የተማርኩት ነገር ቢኖር ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ከሰው ቃል እንደሚበልጥ ነው። ያን ትምህርት በኋላ ለክፉ ተጠቀምኩበት።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ፤ አጠር ቀጠን ያሉ፣ በበጋም በክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። ጃንጥላው ለዝናብ አልነበረም። ወንበር ይቆጥሩበታል፣ ማስታወቂያ ያመለክቱበታል፣ ወሬ የሚያበዛ ሰው ሲገጥማቸው መሬቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጉበታል፤ ያኔ ወሬው ያልቃል።

በመጀመሪያው ቀን "ከዋናው በር ተነሺና አዳራሹ ድረስ ሂጂ" አሉኝ። "ግን ግቢውን እንደማያውቅ ሰው ሆነሽ።"

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለስኩ።

"ማንን ጠየቅሽ?"

"ማንንም አልጠየቅኩም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው የሄደችው ግቢውን የምታውቀዋ ወርቅነሽ ናት። ሌላዋን ላኪልኝ።"

ተናድጄ ወጣሁ። በር ላይ የነበሩትን ጥበቃ "አባባ፣ አዳራሹ የት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ቀጥ በይና ድሮ ክበቡ የነበረበት ጋ ስትደርሺ በቀኝ ታጠፊ" አሉኝ። ክበቡ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የፈረሰ ቤት ጋ ደርሶ እንዴት ይታጠፋል? ይህን ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው ሳቁ፤ በዚያው ቀን ካርቶን ላይ ቀስት ስለን በየመታጠፊያው ለጠፍን። "ከፍ አታድርጊው፣ በደረት ልክ ይሁን" አሉኝ። "አዲስ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።"

ከዝግጅቱ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይመጡና መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ሕጉን አነባለሁ። "አልሰማሁም" ይላሉ። ጮክ እላለሁ። "አሁን ጮኽሽ እንጂ አልሰማሁም።" ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል መናገርን የተማርኩት እንዲህ ነው። ዓይናፋር ተማሪ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀመጣል፤ ስብሰባው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ከትልልቆቹ ሰዎች ጋር የሚያጣላቸው የንግግሩ ቅደም ተከተል ነበር። ባለሥልጣን ሁሉ መጀመሪያ መናገር ይፈልጋል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ "የሚያባርር ሕግ ከሻይ በፊት፣ የሚያኮራ ንግግር ከሻይ በኋላ" ይላሉ። ከሻይ በኋላ አዳራሹ በግማሽ ይጎድላል፤ ቤት የሚከራይ አለ፣ ዘመድ የሚጠይቅ አለ። ስለዚህ ከሻይ በፊት ሁሉንም እስክሪብቶ ያስይዟቸውና ዋናዎቹን ሕጎች በገዛ እጃቸው ያስጽፏቸዋል። "የታተመውን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ የጻፉትን አይረሱም።"

ከሕጎቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። በሕመም፣ በኀዘን ወይም በሌላ ችግር ትምህርቱን የሚያቋርጥ ተማሪ በተወሰነ ቀን ውስጥ መጥቶ ፎርም ከሞላ ቦታው ይጠበቅለታል። ካልሞላ "ያለ ፈቃድ ያቋረጠ" ተብሎ ይመዘገባል፤ ቦታውም ይሄዳል። ፎርሙ አንድ ገጽ ነው። ይህን ሕግ ተማሪው ከኦረንቴሽን በቀር የሚሰማበት ቦታ አልነበረውም።

ለዚህም ነው ጋሽ ደምሴ ከመጡት ይልቅ ስላልመጡት የሚጨነቁት። እኛ የመጡትን ስናስፈርም እሳቸው በር ላይ ቆመው ያልመጡትን ስም በአንድ ወረቀት ይጽፋሉ። በማግስቱ ፍለጋ ይጀመራል። የተገኘው ሰው ስም በሰማያዊ ይሰረዛል፤ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ ካላለቀ ለእሳቸው ኦረንቴሽኑ አላለቀም። አንዴ "ስልክ ብንደውል አይሻልም?" አልኳቸው። "ስልክ ድምፅ ነው" አሉኝ። "ድምፅ ሁልጊዜ 'ደህና ነኝ' ይላል። እኔ ፊቱን ሳላይ ስሙን አልሰርዝም።"

አንድ ዓመት ከሩቅ ወረዳ የመጣ የጤና መኮንን ቀረ። አድራሻ ብሎ የጻፈው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለ ቤርጎ ነው። ጋሽ ደምሴ ጃንጥላቸውን አንስተው "ተነሺ" አሉኝ። ስንደርስ ሰውዬው ሱፉን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣው ተዘግቷል። ለካ በዋዜማው እስከ ግቢው በር መጥቶ ነበር። ወጣቶቹ ላፕቶፕ አንግተው እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ሲያወሩ ቢሰማ፣ "ይሄስ የእኔ ቦታ አይደለም" ብሎ ተመልሷል።

ጋሽ ደምሴ ስለ ትምህርት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። "ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ" አሉት። "ይህን አስፋልት መሻገር ያስፈራኛል። ቢሮዬ ድረስ ታደርሰኛለህ?"

ያገር ሰው ሽማግሌን እምቢ አይልም። ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው፣ ታክሲ አሳፈራቸው፣ ቢሮ አደረሳቸው። እዚያ ሲደርስ ወንበር ሳቡለትና ያመለጠውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩት። እሳቸው እንኳን አስፋልት ሊፈሩ፣ መኪናው ነው እሳቸውን የሚፈራው። ሰውዬው ዛሬ ራሱ ዶክተር ሆኖ ያስተምራል።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሲወጡ ስም የሚሰርዙበትን እርሳስ ሰጡኝ፤ አንዱ ጫፉ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ ነው። ቦታቸውንም እኔ ያዝኩ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አዲሱ ዲናችን ፈጣን ሰው ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። ኦረንቴሽኑ "ዘመናዊ ይሁን" አለ። ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ታተመ፣ ፕሮጀክተር መጣ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደድኩት። ሰው "ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ዘንድሮ ያምራል" ሲለኝ ደስ አለኝ። ዲኑ የቀሩትን የምንፈልግበትን ወረቀትም አሻሻለው። ከስሙ አጠገብ "ተነግሯል" ወይም "አልተነገረም" የሚል ቦታ ተጨመረበት፤ በማግስቱም እስከ አሥር ሰዓት ሪፖርት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት።

የዚያን ዓመት ስድስት ሰው ቀረ። አምስቱን በማግስቱ አገኘኋቸው። ስድስተኛዋ እናኑ ነበረች፤ ከጎጃም ገጠር የመጣች የባዮሎጂ መምህር። ተመዝግባለች፣ ፈርማለች፣ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ፎርሟን አውጥቼ አየሁ። ጊዜያዊ አድራሻ በሚለው ቦታ፣ ሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ዓይነት ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ "ዘነበወርቅ፣ ሆስፒታል፣ አባቴ የተኙበት" ብላለች።

ዘነበወርቅ መንገዴ ነው። ቤቴ አየር ጤና ስለሆነ ጠዋትና ማታ በዚያ ሆስፒታል በር ነው የማልፈው። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ዲኑ ደወለ። "ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ሪፖርቱስ?" እኔም በልቤ "ማታ ስመለስ ወርጄ አገኛታለሁ። የቀረው ሁለት ሰዓት ነው፤ ያው አገኘኋት ማለት አይደል?" አልኩ። ሰማያዊውን እርሳስ አንስቼ ስሟን ሰረዝኩ። አጠገቡ "ተነግሯታል" ብዬ ጻፍኩ።

የዚያን ቀን ማታ ዝናብ ጣለ። ጦር ኃይሎች የታክሲው ሰልፍ አልቆ እስክገባ እግሬ ራሰ። ዘነበወርቅ ስንደርስ ወያላው "ወራጅ አለ?" አለ። የሆስፒታሉ በር በመስኮት ይታየኛል። ከወረድኩ በዚያ ዝናብ ሌላ ታክሲ አላገኝም።

"ዘነበወርቅ ወራጅ የለም?" አለ ወያላው እንደገና።

ዝም አልኩ። "ሳበው!" አለ፤ ሄድን።

ነገ እገባለሁ አልኩ። በነጋታው የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ነበረኝ። ከነገ ወዲያ ሌላ ነገር ሆነ። እንደዚያ እያልኩ ሳምንት አለፈ። ያልተሰረዘ ስም ቢሆን ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ይቆጣኝ ነበር፤ የተሰረዘ ስም ግን አይቆጣም። ፋይሉ ውስጥ ገባ፤ እኔም ረሳኋት። ጠዋትና ማታ በበሩ እያለፍኩ ረሳኋት።

እናኑ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቢሮ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። አባቷ እግራቸው ታሞ፣ ሕመሙ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ እየተኛች ስታስታምማቸው ከርማ አርፈውባታል። አገር ቤት ወስዳ ቀብራ፣ አርባቸው ሳይወጣ ተመልሳ መጣች። የሆስፒታሉን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። የሕጉ ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ጉዳይዋ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ዲኑ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "ሕጉ በኦረንቴሽን ተነግሯል። ለቀሩትም ተነግሯል ይላል እዚህ። ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ለዚህች ልጅ ተነግሯታል?" አለኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

"ተጽፏል" አልኩ።

"ማንም አልነገረኝም" አለች እናኑ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አባቴ አጠገብ ነበርኩ። ከዚያ ተነስቼ የትም አልሄድኩም። ማን መጥቶ ነገረኝ?"

"ያለ ፈቃድ ያቋረጠች" ተብሎ ተወሰነ። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌም ያምር ነበር። ደብዳቤውን ልትወስድ ጠረጴዛዬ ጋ ስትመጣ፣ "እትዬ፣ መሙላት የነበረብኝ ፎርም ስንት ገጽ ነው?" አለችኝ።

"አንድ ገጽ።"

"አንድ ገጽ" ብላ ደገመችውና ወጣች።

ጋሽ ደምሴን በየዓመቱ መስከረም ላይ እጠይቃቸው ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "የቀሩት ስንት ናቸው? አገኘሻቸው?" የዚያን ዓመትም "ሁሉንም፣ ጋሼ" አልኳቸው። መረቁኝ። በሁለተኛው ዓመት አረፉ፤ ውሸቴን ይዘው ሄዱ።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ንስሐ መግባት አውቃለሁ። ተንበርክኬ አልቅሻለሁ። የጸሎት ጓደኛዬ "ጌታ ይቅር ብሎሻል፣ ተነሺ" አለችኝ፤ ተነሳሁ። ግን የእናኑ ፋይል በእኔ ለቅሶ አልተለወጠም። ለእግዚአብሔር መንገር ቀላል ነበር፤ እሱ ድሮም ያውቀዋል። ለኮሚቴው መንገር ነው ያቃተኝ። ስሜን ወደድኩ። "ወርቅነሽ ተማሪ አይጠፋባትም" ይባል ነበር፤ ያን ስም ማጣት ፈራሁ።

ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ጡረታዬ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ለመግቢያ ፈተና ካመለከቱት መካከል ውድቅ የተደረጉትን ሳገላብጥ የእናኑን ስም አገኘሁት። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ለፈተና እንኳ ሳትቀመጥ የተመለሰችው "ያለ ፈቃድ ያቋረጠች" በሚለው ምክንያት ነው። ከማመልከቻው ጀርባ ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው የዚያ ወረቀት ቅጂ ነው። ሰማያዊው መስመር በፎቶ ኮፒ ጥቁር ሆኗል፤ "ተነግሯታል" የሚለው ጽሑፌ ግን ምንም አልሆነም።

አሁን የምታስተምረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት እንደሆነ ማመልከቻው ላይ አለ። በማግስቱ ሄድኩ። ተማሪ ሲለቀቅ በር ላይ ጠበቅኳት። አወቀችኝ፤ ሰላምታ ሰጥታኝ ከአንድ ኪዮስክ ፊት ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝና ለስላሳ አዘዘችልኝ። ጠርሙሱን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አሥር ሰዓቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወያላው፣ "ተጽፏል" ስላልኩት።

ታክሲዎች እየዞሩ ተሳፋሪ ይጠራሉ።

"ዘነበወርቅ በር ላይ?" አለችኝ በመጨረሻ። "በየቀኑ ያልፉ ነበር?"

"በየቀኑ።"

"እኔ ማታ ማታ ለአባቴ ወተት ልገዛ እዚያ በር ላይ እቆም ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እና አሁን ለምን ነገሩኝ፣ እትዬ? እንዲቀልልዎት ነው?"

አይደለም ልላት ነበር። "አዎ፣ እሱም አለበት" አልኳት።

"እንግዲያው በጽሑፍ ያድርጉልኝ።"

ይቅርታ አልሰጠችኝም፤ አልጠየቅኳትምም። አንድ ገጽ ጻፍኩ። "ለዚህች ተማሪ ሕጉ አልተነገራትም። ተነግሯታል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሰት ነው" ብዬ ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ 18 ማዞሪያ የተከራየችበት ግቢ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት። ዋናውን ለዲኑ አስገባሁ። የዛሬው ዲን ሌላ ሰው ነው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ለጡረታ ስንት ቀረዎት? እርግጠኛ ነዎት?"

"ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ" አልኩት።

በገዛ ፋይሌ ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገባ። ስሸኝ ኬክ ተቆረሰ እንጂ ንግግር አልተደረገም፤ ይገባኛል። ከእናኑ ፋይል ላይ ግን ያ ቃል ተነሳ። ለፈተና እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ማለፉን በራሷ አለፈች፤ በዚያ የእኔ እጅ የለበትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመጀመሪያው ኦረንቴሽን ቀን ጠዋት ቤቴ ሆኜ ሰዓት ሰዓቱን ሳይ ስልኬ ጮኸ። ቦታዬን የያዘችው ሊዲያ ናት። ዛሬ ነገሩ ሁሉ በቴሌግራም ይላካል፤ ዝግጅቱም ግማሽ ቀን ሆኗል። ሊዲያ ግን ግቢውን እንደማታውቅ ሆና ከበሩ እስከ አዳራሹ ሄዳ የተፈተነች ልጅ ናት።

"እትዬ ወርቄ፣ አንዲት ተማሪ ብቻ ቀርታለች። እናኑ ናት። ስልኳ ዝግ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ምንም አትጻፊ" አልኳት። "ሻዩን አዘግዪው።"

ሁለት ታክሲ ይዤ 18 ማዞሪያ ደረስኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። እናኑ ክፍሏ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ። ስልኳ አጠገቧ ጠፍቶ ተቀምጧል።

"ሦስት ጊዜ በሩን ከፍቼ ዘጋሁት" አለችኝ፣ ለምን መጡ ሳትለኝ። "ተማሪዎቼን እንኳን ተሰናብቻለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለው።"

"ምን ፈርተሽ ነው?"

"ካልጀመርኩት አይወስዱብኝማ።"

ምክር ሞልቶኝ ነበር የመጣሁት። መንገድ ላይ ጥቅስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ያን ስትለኝ ሁሉም ጠፋኝ፤ ያን ፍርሃት የሠራሁት እኔ ነኝና ምን አፍ አለኝ? ያኔ የቤርጎው አልጋና ጥቁሩ ጃንጥላ ትዝ አሉኝ።

"እናኑ" አልኳት፣ "ጉልበቴን ያመኛል። ግቢው ድረስ ታደርሺኛለሽ?"

ትክ ብላ አየችኝ። መምህር ናት፤ አትታለልም። "ብቻዎን አይደል እንዴ የመጡት?"

"መምጣቱን ችዬዋለሁ። ከዚህ ብቻዬን መሄዱ ነው የሚከብደኝ።"

ተነሳች። ክንዴን ያዘችኝ፤ አያያዟ የፍቅር አልነበረም፣ የአደራ ነበር። ታክሲ ውስጥ አልተነጋገርንም። ዋናው በር ላይ ጥበቃው ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ ቀስቶቹን ተከትለን ሄድን። ሊዲያ በደረት ልክ ለጥፋቸዋለች።

ሊዲያ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። "ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ሰዉም እያጉረመረመ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። ዋናውን ሕግ ገና አላነበበችም። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ፤ ላዩ ላይ አንድ ስም ብቻ አለ። "እርስዎ ይሰርዙት፣ እትዬ።"

ከቦርሳዬ የጋሽ ደምሴን እርሳስ አወጣሁ። አልቆ የጣት ያህል ቀርቷል። ልሰርዝ አልኩና ቆምኩ። በኮሚቴው ቀን ጠረጴዛውን ነበር ያየሁት፤ ኪዮስኩ ጋ ጠርሙሱን። ይህችን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም። ቀና አልኩ። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ይቅር ያለኝ ፊት አልነበረም። ፈርቶ የመጣ ፊት ነበር።

"ምን ያዩኛል?" አለችኝ።

"ፊትሽን" አልኳት፤ ከዚያ ስሟን ሰረዝኩ።

ክንዴን ለቀቀችና ገባች። እኔ ከውጭ ቀረሁ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሊዲያ ተማሪዎቹን እስክሪብቶ እንዲያነሱ ስትነግራቸው ሰማኋት።